እስኪሸጥ ድረስ ያንቺ ነው

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴ ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ። መልእክትሽ እንደደረሰኝ ሁለቴ አነበብኩት። እጅሽ ሥራ አለመፍታቱ በጣም ደስ አሰኘኝ። የላክሽልኝን የብር ጉትቻዎቹን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ጠርዛቸውን እንዴት እንዳለሰለስሽው! ያ ትዕግሥትሽ ድሮም ያስቀናኝ ነበር።

ሁለት ሱቆችና አንድ ጋለሪ «አምጪና እናስቀምጥልሽ፣ ሲሸጥ እንከፍልሻለን» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ ብለሽኛል። ስጪ። ግን መጀመሪያ የእኔን ስሚ፤ የጠፋሁብሽም በዚሁ ነገር ነው።

ለአንድ ጋለሪ 26 ዕቃ ሰጥቼ ነበር። ቀለበቶች፣ ጉትቻዎች፣ ሁለት ትልልቅ የአንገት ሐብሎች። የተስማማነው በቃል ነው። ባለቤቷ ደግ ሰው ነበረች፤ ውል እንጻፍ ማለት እሷን አለማመን መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ገንዘቡ በጊዜው መጣ። ከዚያ መዘግየት ጀመረ። ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተወች። ስሄድ በሩ ታሽጎ አገኘሁት። ለካ የቤት ኪራይ ተጠራቅሞባት ኖሯል፤ አከራዩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞታል። «የእኔ ዕቃ አለበት» ብልም የማሳየው አንድ ወረቀት አልነበረኝም። 26 መሆናቸውን እንኳ ያወቅኩት በኋላ ፎቶዎቼን ቆጥሬ ነው። 9 ተሸጠዋል፤ 17ቱ በዚያው ቀሩ። ከብር ማዕድኑ ዋጋ ይልቅ ያመመኝ አንደኛው ሐብል ነው። ሦስት ሳምንት የሠራሁት ነበር። ለማንም መናገር አፈርኩ። አንቺ ደግሞ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ሥራ ነው። በዚያው ዝም አልኩ።

አሁን ተመልሼ ጀምሬያለሁ። በዚሁ በአደራ ሽያጭ ነው የምሠራው፤ ግን በሌላ ዓይን እያየሁት። ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ ያንቺ ነው። ባለሱቁ የሚያገኘው ከሸጠው ላይ ድርሻውን ብቻ ነው። ይህ ማለት ደግሞ ካልተሸጠ እሱ የሚያጣው የመደርደሪያ ቦታ ነው፤ አንቺ ግን ብሩንም፣ ድንጋዩንም፣ ጉልበትሽንም ነው። በጅምላ ቢገዛሽ ኖሮ ገንዘብሽን ወዲያው ትቀበያለሽ፤ ብዙ ጊዜ የመሸጫውን ግማሽ ያህል ቢሆንም። የአደራው ጥቅም ሌላ ነው። ባለሱቁ ገንዘቡን ስላላወጣ ለየት ያለውን፣ ውድ የሆነውን ሥራሽን ለመሞከር አይፈራም። ሰው ደግሞ ጌጥን በእጁ ይዞ፣ በመስታወት አይቶ ነው የሚወደው።

ስለ ድርሻ ጠይቀሽኛል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ለሠሪው 60፣ ለሱቁ 40 በመቶ ነው። ጋለሪዎች ዘንድ እኩል መካፈልም የተለመደ ነው። ግማሹ በዝቶ አይታይሽ፤ ብርሃኑ፣ ሻጯ፣ ኪራዩ፣ ደንበኛው ሁሉ የእነሱ ነው። ዋጋ ስታወጪ ግን ከደረሰሽ ግማሽ ተነሺ። ያ ግማሽ ብሩን፣ የሠራሽበትን ሰዓትና ማሸጊያውን ችሎ ትርፍ ካልተረፈው ያ ዕቃ ለጋለሪ አይሆንም። አደራሽን፣ ራስሽ በምትሸጪበት ቦታ በርካሽ፣ ሱቅ ውስጥ በውድ አታድርጊው። ደንበኛ ይደርስበታል፤ ባለሱቁም በጣም ይቀየምሻል። እውነቱንም ነው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ የእኔ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ክፍያው በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚሆን፣ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ያልተሸጠውን በማን ወጪ እንደምትመልሺ። ቅናሽ ካደረጉ ከማን ድርሻ እንደሚነሳም ይጻፍ። ብዙዎች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ከ10 በመቶ በላይ ሳይጠይቁኝ እንዳይቀንሱ አስፍሬያለሁ። ከሁሉ በላይ ስለ ስርቆት ጠይቂ። ጌጥ ትንሽ ነው፤ በእጅ መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። የሚቆለፍ መስታወት አላቸው? ኢንሹራንሳቸው የሌላ ሰው ዕቃ ይሸፍናል? የራሳቸውን ብቻ የሚሸፍን ብዙ አለ። ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ጠይቂ። ጥሩ ባለሱቅ በዚህ አይከፋም። ዕቃው እስኪሸጥ የአንቺ እንደሆነና ለሱቁ ዕዳ እንደማይያዝም አጽፊ። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ይቺን አንቀጽ ለሕግ አዋቂ አሳያት። የእኔን 17 ዕቃዎች የበላው የዚህች አንቀጽ አለመኖር ነው።

ከውሉ ጋር የዕቃ ዝርዝር ይኑር። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጪው፤ ያንኑ ቁጥር ትንሿ መለያ ላይ ጻፊው። ከምን እንደተሠራ፣ ዋጋው፣ ፎቶው። ሁለት ቅጂ አድርጊና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቆጥረሽ ስጪ፣ ቆጥረሽ ተቀበይ።

ደግሞ ሰጥተሽ አትጥፊ። ብር ይጠቁራልና። 925 የሚባለው የጌጥ ብር ከመቶው 92.5 እጁ ንጹሕ የብር ማዕድን፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። በአየር ላይ ባለው ድኝ ይጠቁራል። ሱፍና ጎማ አጠገቡ ካለ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ሱቅ ቀለበቶቼን በሱፍ ጨርቅ ላይ ደርድሮልኝ በወሩ ጠቁረው አገኘኋቸው። የጠቆረ ብር ደግሞ ሰው ሐሰተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። አሁን ለእያንዳንዱ የሚዘጋ ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢትና አንድ መወልወያ ጨርቅ እሰጣለሁ፤ በየወሩ ራሴም ሄጄ እወለውላለሁ። ስሄድ ከሻጮቹ ጋር አወራለሁ። የትኛውን ሰው አንስቶ እንደሚመልስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ አምባሬን ሁሉም ይሞክረውና ይመልሰው ነበር፤ መቆለፊያው በአንድ እጅ አይዘጋም ኖሯል። ቀየርኩት፣ ተሸጠ።

ሳይሸጥ ሦስት ወር የቆየውን አንሺው። አራት ወር የሰነበተ ሐብሌን ወደ ሌላ ሱቅ ባዛውረው በሳምንቱ ሄደ።

አሁን ለጥያቄሽ። ለሦስቱም በአንዴ አትስጪ። ለእያንዳንዱ 15 ብትሰጪ 45 ዕቃ ማለት ነው፤ ያለሽ የብር ማዕድን በሙሉ ሰው መደርደሪያ ላይ ቆሞ መሥሪያ ታጫለሽ። በአንዱ ጀምሪ። የትኛው እንደሆነ ለመምረጥ፣ ሥራቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሌሎች ሠሪዎችን ፈልገሽ «በጊዜው ይከፍላሉ ወይ?» በያቸው። እንደ ደንበኛም ገብተሽ ትንሽ ቆዪ። ሻጯ ስለ ሠሪዎቹ ስታወራ ፊቷን እዪው።

ያንን ቅጠል የሚመስለውን ጉትቻ ግን ለጋለሪው አስቀምጪው፤ ነጭ ግድግዳና ጥሩ ብርሃን ይገባዋል።

የእኔን ውል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እንደሚመችሽ ቀይሪው። ዝርዝርሽን ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። አብረን እንቆጥረዋለን። ከእንግዲህ አልጠፋብሽም።

የምትወድሽ ጓደኛሽ