ዳጉሳሽን ጠጥተነዋል

ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለገመዴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ... ተይው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ «ለጤናሽ» ብል ትስቂብኛለሽ። መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ልልሽ አስቤ ነበር። እውነትም ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈትም ግን አልጻፍኩም። አፍሬ ነው። ይቅር በይኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ጉዱን ስሚ። አረስኩ።

አረምኩ አላልኩሽም፣ ቆፈርኩም አላልኩሽም። እርፍ ጨብጬ፣ ጅራፍ ይዤ፣ ያንቺንም የእኔንም እርሻ ገለበጥኩት! በሬ አንድ ብቻ እንደቀረኝ ታውቂ የለ? ከወንዝ ማዶ ካለችው ባልቴት ጋር መቀናጆ ገጠምን፤ የእሷ ዳማና የእኔ ቦራ። አራሽ ግን ጠፋ። አምና የያዘው ሰውዬ ዘንድሮ «ምርቱን እኩል መካፈል ቀርቷል፣ ላንቺ ሲሶ ነው» አለኝ። ዘሩን እኔ ላቀርብ፣ የማዳበሪያውን ዕዳ እኔ ልሸከም፣ እሱ ሁለት እጅ ሊያፍስ! ልጄ እንደሆነ ከባጃጁ አይወርድም። አንድ ሌሊት ስገላበጥ አድሬ፣ ዶሮ ሳይጮህ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሜ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ትልም እባብ የሄደበት ነው የሚመስል። ማረሻው ወይ አፈሩን ላጥ ላጥ አድርጎ ያልፋል፣ ወይ ይተከልና በሬዎቹ ዞረው ያዩኛል። ቦራ እንኳ ታዝቦኛል። እጄ ውሃ ቋጠረ። ቆይቶ ግን፣ እንዴት ልበልሽ፣ እርፉ ሲታገሉት ሳይሆን ለቀቅ ሲያደርጉለት ነው ለካ የሚሄደው። ይህን ሁሉ ዓመት ምሳ ተሸክመን ስንመላለስ ማን ነገረን? አፈሩ ሲገለበጥ የሚሸተውን ታውቂዋለሽ፤ ጎንበስ ብለን ጓል ስንከሰክስ ያደግንበት ሽታ ነው። ከእርፉ ሥር ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ብቻዬን አለቀስኩ። ለማንም እንዳታወሪ።

ሲነጋ አንድ ባለታንኳ ከሐይቁ ላይ ሆኖ አየኝ። እስከ ምሳ አገሩ ሁሉ ሰማ። ያቺ ከሎሚዋ ሥር በዱላ ታባርረን የነበረችው አሮጊት (አለች፣ አልሞተችም!) «ሴት ያረሰችበት አገር በረዶ ይመታዋል» ብላ ደጄ ድረስ መጣች። እኔም ፈርቼ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «በበዓል ቀን ነው ያረስሽው?» አሉኝ። «ኧረ ሰኞ ነው አባ» ስላቸው «ታዲያ ከምኑ ልፍታሽ?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሰደዱኝ።

እንግዲህ ወደ ኃፍረቴ። ከእርሻሽ ምርት የሚደርስሽ እኩሌታ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ጎታ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የመጀመሪያው ዓመት ዳጉሳ ለባለቤቴ ተዝካር ጠላ ሆነ። ካህኑም ጎረቤቱም «ጠላው እንዴት ጣፈጠ!» ባለ ቁጥር ያንቺ ፊት እየመጣብኝ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። የሁለተኛውን ዓመት ለማዳበሪያ ዕዳ ሸጥኩት። ሽምብራውን ግን እኔ አልነካሁትም፤ ውሃው ከሸሸው ዳርቻ ላይ የዘራነውን ጉማሬ ጨርሶታል፣ እሱን ጠይቂ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ዕዳ ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ወንድምሽ ሁለት ጊዜ መጣ። «እህቴ ከተሜ ሆናለች፤ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር እኔ ልያዘው» ይላል። የታረሰውን በእጄ ባሳየው «ሴት ያረሰችው ያው ጦም እንዳደረ ነው» አለኝ። ከዚያ የይዞታ ደብተርሽን ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ዋሸሁ፤ ጎታው ውስጥ ነው፣ ባዶ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም። ያ ባሕር ዳር ድረስ ሄደን፣ የእኔን ነጠላ ተውሰሽ የተነሳሽው ፎቶ አሁንም አለበት። ዓይንሽን ጨፍነሻል።

ምን ልልሽ ነው... እርሻሽን በእኩል የያዝኩበት ውላችን በቃል ነው። እኔና አንቺ ብቻ እናውቀዋለን። ክርክር ከመጣ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ነው የሚያዋጣን። በስልክ አይሆንም፣ አንቺው መምጣት አለብሽ። መሬቱን መልሰሽ ራስሽ ልያዘው ብትይም አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ፣ ጡታችን ገና ሳያጎጠጉጥ «አሥራ ስምንት ሞልቶናል» ብለን ምለን ተሰልፈን፣ የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ይዘሽ ወደ ሐይቁ የሰረቅሽው እርምጃ አለ አይደል? አሁን እሱን አርሼዋለሁ። ደለል ነው፣ ቅቤ ነው የሚመስለው። ለወንድምሽ አልሰጠውም፤ አንቺም እንዳትሰጪው።

ሁለተኛውን እርሻ ጨርሻለሁ። ሰኔ ሳይገባ ነይ፣ ዘሩ አይጠብቅም። ያለብኝን ከዘንድሮው እኩልሽ ላይ እየጨመርኩ እከፍልሻለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ልጄ ነው፤ ሂሳብ እንዳትሰጪው፣ እሱም ዕዳ አለበት።

ስትመጪ ቫዝሊን ያዢልኝ። ትልቁን።

ያንቺው