አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ፣ ለዓመታት ያገለገላቸው የቤት ኮምፒውተር ሲከፈት ዊንዶውስ አልገባ እያለ እንዳስቸገራቸው ገልጸው ምክር ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነው፤ ፎርማት ያስደርጉት (ዲስኩ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደገና ይጫን)፣ ካልሆነም አዲስ ይግዙ የሚል። ይህ መልስ በባለሙያዎችም በወዳጅ ዘመድም ዘንድ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ማድረግ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ የሚወሰድ እርምጃ ሊሆን ይገባል ብዬ በጽኑ ስለማምን፣ ምክንያቴን ለአንባቢያን እንዳስረዳ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

ፎርማት ፎቶግራፍንና ሰነድን እንደሚያጠፋ ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው ድራይቨሩ ነው። ዊንዶውስ ከስክሪን ካርዱ፣ ከድምፁ፣ ከዋይፋዩና ከፕሪንተሩ ጋር የሚግባባው ድራይቨር በተባለው የየዕቃው አገናኝ ፕሮግራም አማካይነት ሲሆን፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ድራይቨር ዊንዶውስ ራሱ ከኢንተርኔት ፈልጎ ይጭነዋል። ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። አምራቹ የዚያን ሞዴል ገጽ አንስቶት ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ ራሱ በሌላ ተጠቅልሎ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ያ ድራይቨር በቅርብ የሚገኘው በዚያው ሊጠፋ በተፈረደበት ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርማት የግድ ቢሆን እንኳን፣ አስቀድሞ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም32 የሚባለውን፣ በእርሱም ውስጥ ድራይቨር ስቶር የሚባለውን ከፍቶ ፋይል ሪፖዚተሪ የተባለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። በኋላ ዲቫይስ ማናጀር (በዊንዶውስ ውስጥ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረው ገጽ) ድራይቨር ሲጠይቅ ይህን ፎልደር ማሳየት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አዲሱ ዊንዶውስ እንደ ቀድሞው ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት እስከሆነ ድረስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው ችግር ልመለስ። «አልከፈት አለ» የሚለው አነጋገር ፈጽሞ የተለያዩ ሕመሞችን የሚሸፍን በመሆኑ፣ መጀመሪያ መለየት ያለበት ኮምፒውተሩ የቆመው የት ላይ እንደሆነ ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር፣ የአምራቹ አርማ እንኳን፣ የማይታይ ከሆነ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም፤ ስለዚህ ዊንዶውስን ፎርማት ማድረግ ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም። በዚህ ደረጃ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም የተባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ነው። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ የቀረውን ኃይል ካስወጡ በኋላ፣ የብረት አካሉን በእጅ ነክቶ ራሙን ማውጣት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳትና ጠቅ እስኪል ድረስ መልሶ መሰካት ይገባል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያፈራረቁ መሞከር የተበላሸውን ለይቶ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚያሰማው ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅም ትርጉም አለው፤ ቁጥሩና ርዝመቱ ግን እንደ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) ሠሪ ስለሚለያይ መነበብ ያለበት በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መመሪያ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ወይም ፈሳሽ አውጥተው ከታዩ ሥራው የባለሙያ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን ማንም በቤቱ ሊከፍተው አይገባም፤ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አርማው ታይቶ ቡት የሚያደርግ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ) ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ ወይም ዊንዶውስ መጀመር ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ሲመለስ፣ ሰዎች ወዲያውኑ ወደ ፎርማት የሚሮጡት በዚህን ጊዜ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ሰዓቱን ተመልከቱ እላለሁ። በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። የእርሷ ሥራ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ማስተካከያ መጠበቅ ነው። ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የባዮሱም ማስተካከያ ፋብሪካው እንዳወጣው ይሆናል። ከዚህ የሚከተለው ጣጣ ከባትሪ የመጣ የማይመስል ነው። ዲስኩ የሚሠራበት ኤኤችሲአይ የሚባለው አሠራር በብዙ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ አይዲኢ ወደሚባለው የቀድሞ አሠራር ይመለስና፣ በኤኤችሲአይ የተጫነው ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት መጨረሻው 7ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር በሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። የቡት ቅደም ተከተሉም ስለሚቀየር ኮምፒውተሩ በተረሳ ፍላሽ ወይም በሲዲ ለመነሣት ይሞክራል። ዊንዶውስ ገብቶ እንኳን ቢሆን ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ፣ ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው ያላለቀ መሆኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር በመሆኑ፣ ኢንተርኔቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ገጾቹ አስተማማኝ አይደሉም እየተባሉ ይዘጋሉ። ይህ ሁሉ ባትሪዋን ለውጦ፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቀኑንና የዲስኩን አሠራር በማስተካከል የሚፈታ ነው። በዚህ ምክንያት ዲስኩ ተደምስሶ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ሲያጋጥመኝ ከልቤ አዝናለሁ።

ባትሪው ደኅና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ የዲስኩ ጤንነት ይመርመር። በሊኑክስ (ዊንዶውስን ሊተካ በሚችል ሥርዓተ ክወና) የተዘጋጀ ቡት የሚያደርግ ፍላሽ ይዞ ኮምፒውተሩን በእርሱ ማስነሣት፣ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር ሳይጫን ፋይሎቹን ለማየትና ለመገልበጥ ያስችላል፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ስማርት የተባለውን መረጃም ማንበብ ይቻላል። በዚያ መረጃ ላይ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ጉዳቱን ያባብሳልና ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሎቹን ማትረፍ ይገባል። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ መጫኑ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ ካለቀም ብዙ ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። ዲስኩ መለወጥ ካለበት ኤስኤስዲ በተባለው፣ የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ ቢለወጥ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ የፍጥነት ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ አላውቅም።

ችግሩ የጀመረው አዲስ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እስከ ዊንዶውስ 7 ባሉት ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ8 ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን ሴፍ ሞድ ውስጥ መግባት ይቻላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህ ቁልፍ እንዳይሠራ ተደርጎ የሚመጣ ሲሆን፣ ጅምሩ በተከታታይ ሲከሽፍ የጥገናው ገጽ ራሱ ይቀርባል። ሴፍ ሞድ መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ ስለሚነሣ፣ በእርሱ በሰላም የሚሠራ ኮምፒውተር ጥርጣሬውን ወደ ድራይቨር ወይም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ወደሚነሣ ፕሮግራም ያዞረዋል። ከዚያ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መመለስ ወይም ማራገፍ ነው። በቢጫ ምልክት የተለየውን ዕቃ ከፍቶ ኮዱን ማንበብ ብዙ መንከራተትን ያስቀራል፤ ኮድ 28 ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ሲሆን፣ ኮድ 10 ዕቃው ሊጀምር አልቻለም፣ ኮድ 43 ደግሞ ዕቃው ራሱ ችግር እንዳለበት አሳውቆ ዊንዶውስ አስቁሞታል ማለት ነው።

ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ሲያጋጥም በዝርዝሩ ውስጥ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን መመልከት ይጠቅማል። የሠሪው መለያ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሞዴሉን ይለያል። በዚህ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ወይም ከዕቃው አምራች ድራይቨር መፈለግ፣ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ አድሳለሁ ብለው ያልተፈለገ ፕሮግራም አጭቀው ከሚመጡ ማውረጃዎች እጅግ ይሻላል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለባለ 32 ቢት የተሠራን ድራይቨር ፈጽሞ እንደማይቀበልም መታወስ አለበት።

እንደገና መጫን የግድ ሲሆንም መሰናክሉ የሚታወቅ ነው። ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3.0 የሚሆን ድራይቨር ይዞ ስላልመጣ፣ መጫኛው ላይ ኪቦርዱና ማውዙ ቢደነዝዙ አልተበላሹም፤ ዩኤስቢ 2.0 ወደሆነው ቀዳዳ መዛወር ይበቃቸዋል። መጫኛው ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) ነው ብሎ እምቢ ካለ፣ ፍላሹ የተነሣው በቀድሞው የባዮስ መንገድ ነው ማለት ነው፤ ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ (የባዮስ ተተኪ) ካለው በእርሱ ማስነሣት እንጂ ክፍልፋዮቹን መደምሰስ የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ እንዲህ ያለ ፋይል ካለበት የመጫኛው ቅጂ ጎዶሎ ይሆናል። በ80070570 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ሲመጣ የሚጠረጠሩት የተበላሸ ቅጂ፣ ፍላሹ፣ ራሙ ወይም ዲስኩ ናቸው። ከሁሉ በላይ የኔትወርኩ ድራይቨር አስቀድሞ በፍላሽ ይያዝ፤ ያለ እርሱ ሌላውን ማውረድ አይቻልም። ይህ ካልተደረገ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት ያወጣል።

«አዲስ ይግዙ» የሚለውን ምክር በሚመለከት ደግሞ አንድ እውነት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ሴኪዩር ቡትን ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። የባንክና የኢሜይል ጉዳያቸውን በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የሚያስፈጽሙ ሰዎች ይህን አቅልለው ሊያዩት አይገባም። ይሁን እንጂ በየጊዜው የሚታደስ ቀላል ሊኑክስ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ፣ ለማንበብና ኢንተርኔት ለመጠቀም ይሆናል፤ የብዙ አሮጌ ዕቃዎችን ድራይቨርም በውስጡ ይዞ ይመጣል። ዓምዱ ይህን አማራጭ ጨርሶ አለማንሣቱ አሳዝኖኛል።

ስለሆነም ዓምዱ ወደፊት እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠያቂውን እነዚህን እንዲጠይቅ አመለክታለሁ፦ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ቃል በቃል ምን ይላል? ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተጫነ ወይም የተለወጠ ነገር ነበር? የኮምፒውተሩ ሞዴልና የዊንዶውሱ ዓይነት ምንድን ነው? በሰዓቱ ላይ የሚታየው ቀንስ ትክክል ነው? ባለፈው የጠየቁት አንባቢም ኮምፒውተራቸውን ገና ካላስደመሰሱ፣ እነዚህን መልሶች ጽፈው ቢልኩና ዓምዱ ጥያቄያቸውን እንደገና ቢመለከትላቸው ደስታዬ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ