እህት ዓለም፣ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ

እህት ዓለም እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ፣ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ ተመስገን ደህና ነን፣ ትልቁ ልጄ ኮሌጅ ገባ፣ ትንሿ ቁመቷ እኔን አለፈ። ቴክስትሽ ሲገባ ሺፍት ላይ ነበርኩ፣ ስምሽን ሳይ ክፉ ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ። አንብቤ ስጨርስ ግን ደስ አለኝ፣ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በንዴትም ቢሆን ጠየቅሽኛ! በቴክስት መመለስ አልፈለኩም፣ ስልክም ብደውል እንደዛን ጊዜ ግማሽ ግማሹን እየሰማን እንቀራለን ብዬ ፈራሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ። ረዥም ነው፣ ቡናሽን አፍይና አንብቢው።

መጀመሪያ ዜናውን ላስተካክልልሽ። "የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሊሻር ነው" የሚለው የላክሽልኝ ቪዲዮ ልክ አይደለም። ያቺ የኬንታኪዋ የካውንቲ ጸሐፊ ኪም ዴቪስ፣ በ2015 የጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም ብላ የታሰረችው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዛው ዓመት ጋብቻውን በመላው አሜሪካ የፈቀደበትን ውሳኔ እንዲሽረው አመልክታ ነበር፣ ኖቬምበር 10, 2025 አቤቱታሽን አናይም ብለው መለሱት። ይኸው ነው። ስጋት የለም ግን አልልሽም። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ2022 የውርጃው ውሳኔ ሲሻር ይሄኛውም እንደገና ይታይ ብለው ጽፈዋል፣ በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኮንግረስ ህግ ያወጣው አንድም በዛ ምክንያት ነው። ባይደን የፈረሙት ህግ የሚለው፣ አንዱ ስቴት በህግ ያጋባቸውን ሌላው አላውቃችሁም እንዳይል፣ ፌደራሉም እንዲያውቃቸው ነው። እያንዳንዱ ስቴት ራሱ እንዲያጋባ ግን አያስገድድም፣ ያንን የሚያስገድደው የ2015ቱ ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር አልቋል የሚሉሽንም አትመኚ።

"አሁንም በ2012 ያልሽው ላይ ነሽ?" ላልሽኝ፣ አዎ፣ ይፈቀድ ባልኩበት እዛው ነኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ ሳልጨርስልሽ ነው የተለያየነው።

ያን ዓመት ኖቬምበር 6 እኮ እኔም አንቺም ስለ አንድ ነገር ነው የተጠየቅነው፣ እኔ ሜሪላንድ አንቺ ሚኒሶታ። እኛ ጋ ገቨርነር ኦማሊ ማርች ላይ የፈረሙትን ጋብቻውን የሚፈቅድ ህግ ተቃዋሚዎቹ ፊርማ አሰባስበው ህዝብ ይፍረድ ብለው ባሎት ላይ አስወጡት፣ ጥያቄ 6 ተባለ፣ 52 በመቶ አካባቢ አግኝቶ አለፈ። እናንተ ጋ ደግሞ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይግባ ነበር የተባለው፣ ወደቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሚኒሶታም ፈቀደች። ከዛ ቀን በፊት ጥያቄው ለህዝብ ድምፅ ከ30 ጊዜ በላይ ቀርቦ ስቴት በስቴት ሲሸነፍ ነው የኖረው፣ ያን ቀን ነው ሜሪላንድ ሜይንና ዋሽንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ በህዝብ ድምፅ ያጸደቁት።

እኔን ያስገረመኝ ደሞ ጎረቤታችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። አብዛኛው ጥቁር፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ህዝብ፣ ለሁለት እኩል ሊባል ምንም ያህል ሳይቀረው ተከፈለ። ፓስተሮቹም ለሁለት ተከፈሉ። ክሊንተን ያለው የማውንት ኢነን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ዴልማን ኮትስ አደባባይ ወጥተው ደገፉት፣ የሳቸው ነገር ባጭሩ ይሄ የሃይማኖት ትምህርት ጥያቄ ሳይሆን መንግስት ዜጎቹን እኩል ያያል ወይ የሚል ጥያቄ ነው የሚል ነበር። እኔን የገባኝ ያኔ ነው። እምነቴን ጣይው ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ጸሎቴንም ጾሜንም ይዤ ነው የመረጥኩት። አንቺ ደግሞ ያኔ የጮህሽብኝ "ነገ ቄሶቻችንን ተክሊል አድርሱ ይሏቸዋል" ብለሽ ነበር። ህጉን አንብቢው፣ ማንም ካህን ያለ እምነቱ እንዲያጋባ አይገደድም ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። ከጃንዋሪ 1, 2013 ጀምሮ እየተሰራበት ነው፣ እስከዛሬ እኔ በማውቃቸው የአበሻ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለምን አላጋባህም ተብሎ የተከሰሰ ቄስ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ምናልባት ስሙን ሰምተሽዋል፣ ጂም ኦበርገፌል። የ2015ቱ ውሳኔ በስሙ የሚጠራው ሰውዬ። የሲንሲናቲ ኦሃዮ ሰው ነው። አብሮት ሃያ ዓመት የኖረው ጆን አርተር ኤኤልኤስ ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። አንቺ ኤኤልኤስ ታማሚ ተንከባክበሻል፣ ምን እንደሆነ ለኔ አትነግሪኝም፣ ሰውነት በሙሉ አልታዘዝ ብሎ አእምሮ ቁጭ ብሎ የሚያይበት በሽታ ነው። ኦሃዮ አታጋባም፣ ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ አዋጣና የህክምና አውሮፕላን ተከራይተው መጡ፣ የት ይመስልሻል? እዚሁ እኛ ጋ፣ ባልቲሞር ዋሽንግተን ኤርፖርት። ጁላይ 2013፣ ሜሪላንድ ካጸደቀች ገና ዓመት አልሞላም። ታማሚው መውረድ ስለማይችል አውሮፕላኑ እዛው አስፋልቱ ላይ እንደቆመ የጆን አክስት አጋቧቸው፣ ደቂቃዎች ብቻ ነው የፈጀው፣ ከዛ ወደ ሲንሲናቲ ተመለሱ። ኦክቶበር ላይ ጆን ሞተ። ክርክሩ በሙሉ ስለ ሞት ሰርተፊኬት ነበር፣ ኦሃዮ የሟቹ ሁኔታ "ያላገባ" ተብሎ እንዲጻፍ ነው የምትፈልገው፣ ጂም ደግሞ ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ ስሜ ይስፈር አለ። ያ አንድ መስመር ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 26, 2015 5 ለ 4 የተፈረደለት።

እንደኛ ሰው ይሄ የሚገባው የለም ብዬ ነው የማስበው። እኛ ለቅሶ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ዓይናችን የሚፈልገው ባለሀዘኗን አይደል? እሷ ጋ ሄደን ጎንበስ ብለን እግዜር ያጥናሽ እንላለን፣ ሰልስት ድረስ ብቻዋን አንተዋትም፣ እድሩም መዝገቡ ላይ ለሰፈረው ቤተሰብ ነው የሚደርሰው። ስንት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ አስታሞ፣ አገላብጦ አጥቦ፣ በመጨረሻ አንተ ባለሀዘን አይደለህም መባል ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቢው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ህጉ ከመውጣቱ በፊት እሰራበት በነበረ የአረጋውያን ቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሌላ ሽማግሌ በየቀኑ ከሰዓት እየመጡ ጺማቸውን የሚላጯቸው፣ ሾርባ የሚያጎርሷቸው። ሲሞቱ ወረቀቱን የፈረመው ብቅ ብሎ የማያውቅ የወንድም ልጅ ነው፣ ዕቃውንም ሰብስቦ የሄደው እሱ ነው። እኚያ ሰውዬ ኮሪደር ላይ ቆመው የቀብሩ ቀን መቼ እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ፣ እኔም አልተነገረኝም። ምን ልበላቸው? ያን ዓመት ድምፅ ስሰጥ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበሩት እኚያ ሰውዬ ናቸው፣ ያኔ ስልክ ላይ ልነግርሽ ስል ነው የዘጋሽው።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ እኔና አንቺ አንከራከርም፣ እኛ ስደተኞች ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ እናውቃለን። ባልሽን ከአዲስ አበባ ያመጣሽው በጋብቻ ሰርተፊኬት ነው፣ ስንት ፎቶ፣ ስንት የስልክ ደረሰኝ አያይዘሽ ታስታውሺያለሽ። ከ2013 በፊት የተመሳሳይ ፆታ ባለትዳር ያንን ማመልከት አይችልም ነበር፣ በ1996 የወጣው የፌደራል ህግ ጋብቻቸውን አይቆጥረውምና። ያንን ያፈረሰችው የኒውዮርኳ አሮጊት ኢዲ ዊንዘር ናት፣ ከአርባ ዓመት በላይ አብራት የኖረችው ስትሞት ባል ቢሆን ኖሮ የማይጠየቅ የውርስ ታክስ 363 ሺህ ዶላር ክፈይ ተባለች። እሷ ስታሸንፍ ነው የግሪን ካርዱም በር የተከፈተው።

እና ጋብቻ ቅዱስ ነው ምስጢር ነው ላልሽኝ፣ ነው፣ እኔም አምናለሁ። ግን አገራችን ላይ ራሱ የመንግስቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ለይተን አይደል የኖርነው? በአገራችን አቆጣጠር የ1992ቱ የቤተሰብ ህግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል ብሎ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል። የኛ ህግ ወንድና ሴት ብቻ እንደሚል አውቃለሁ፣ እሱን አይደለም የምልሽ። የምልሽ እናቶቻችን በሰማንያ ተጋብተው ወልደው ከብደው ኖረዋል፣ ሲሞቱም ወርሰዋል ተወርሰዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማንያን ቁርባን ነው ብላ አታውቅም፣ ሰማንያም ስላለ ተክሊል ክብሩ አልቀነሰም። አንቺ ራስሽ መጀመሪያ ማዘጋጃ ፈርመሽ አይደል፣ ቁርባኑ ከስንት ዓመት በኋላ የመጣው? በነዛ ዓመታት ሚስቱ አይደለሽም ቢሉሽ ኖሮ ትስቂ ነበር ወይስ ትቆጪ ነበር?

አንድ ነገር ግን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፣ አንዳንዱ ሰው እኔን ከዚህ ወገን ብሎ ይመድበኝና ሁሉንም የምደግፍ ይመስለዋል። በ2023 የሞንጎምሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለትንንሽ ልጆች በሚነበቡት የተመሳሳይ ፆታ ታሪክ ያለባቸው አዳዲስ መጻሕፍት ጉዳይ፣ መጀመሪያ ልጄን አስወጡልኝ ማለት ይቻል ነበር፣ በኋላ ከለከሉ። ሮክቪል የትምህርት ቦርዱ ደጃፍ የወጣውን ህዝብ በቲቪ አይተሽው ይሆናል፣ ሂጃብ ያደረጉ እናቶች ከኛ ነጠላ ለባሾች ጋር ጎን ለጎን፣ አብዛኛው ሙስሊምና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ነበር። እኔም ሄጃለሁ፣ ቆሜ ጮሄያለሁ፣ ምክንያቱም ልጄን ስለዚህ ነገር በስንት ዓመቷ ምን ብዬ እንደማስረዳት የምወስነው እኔ ነኝ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 2025 6 ለ 3 ለወላጆቹ ፈረደ። ደስ ብሎኛል። ታዲያ አንዷ ጓደኛችን "በ2012 እንደዛ መርጠሽ አሁን እዚህ ምን ትሰሪያለሽ" አለችኝ። እኔ ጋ ግን አንድ ነገር ነው። በዚህ አገር እኛ ስንት ነን? ጥቁር፣ ስደተኛ፣ ሚያዝያ ላይ ፋሲካ የምናከብር፣ ስማችንን እንኳ በትክክል የሚጠራ የሌለን። የኔ መብት በብዛት የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር? ለኔ ልጅ ሰልፍ የወጣሁበት መብትና እኚያ ሽማግሌ የተነፈጉት መብት ከአንድ ህግ ነው የሚወጣው፣ አንዱን እየጠየቅሁ ሌላውን ልንፈግ አልችልም።

የአገር ቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ሀዘን ነው። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስር እንደሚቀጣ ይታወቃል፣ እዛ ስለ ጋብቻ የሚያወራም የለም። ግን በአገራችን አቆጣጠር በ2015 ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ሰፈር እየለጠፉ ደብድቡ ግደሉ ሲባል አየሽ አይደል፣ ግማሹ እኮ በጥርጣሬ ብቻ ነው። ልጁ ጥፋተኛ ነው ብለሽ ብታምኚ እንኳ እናቱ የሰፈር ሰው በሩን ሲደበድበው ምን ትሆናለች? እሱን ቪዲዮ ያጋሩት ውስጥ የምናውቃቸው፣ አብረውን የሚያስቀድሱ ሰዎች ነበሩበት፣ እስካሁን ያመኛል።

እንግዲህ ስለ ሰርጉ። የሌሊት ባልደረባሽ ሴት ልታገባ ነው ብላ ጥሪ ሰጥታሽ ልቅር ወይስ ልሂድ ብለሽ የጠየቅሽኝ። አባትሽ ሲያርፉ ሦስት ሌሊት ያንቺን ሺፍት የሸፈነችልሽ እሷ አይደለችም? የንስሃ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ ከሳቸው በላይ አላውቅም፣ አልሄድም ብትይም ክፉ አትሆኚም፣ ግን ራስሽ በአፍሽ ንገሪያት እንጂ ታምሜ ነበር ብለሽ አትዋሺያት። እኔ ብሆን እሄድ ነበር። ኮርትሃውስ ነው ያልሽኝ፣ ዳኛ ነው የሚያጋባቸው፣ አንቺ የምትቆሚው እንደ ምስክር ወዳጅ ነው። ከሄድሽ ጀበና ከነሲኒው እልክልሻለሁ፣ ባለፈው ከአገር ቤት ያስመጣሁት አዲስ አለ፣ ስጦታ ይሆንሻል። ብቻ ቀኑን ቀደም አድርገሽ ንገሪኝ፣ ፖስታው ሸክላ ይሰብራል፣ በደንብ ማሸግ አለብኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ ኦፍ ነኝ፣ እናንተ ጋ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሸኘሽ በኋላ ደውይልኝ። ካልተስማማሽም ደውይ፣ በቃ አትጥፊብኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት
ከሲልቨር ስፕሪንግ