በገበሬ ቤት ለሚሰነብቱ ቤተሰቦች ሥርዓት ይበጅላቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ያለፉትን ሁለት ክረምቶች ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከጅማ ከተማ ወጥተን፣ መጀመሪያ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በዓመቱ ደግሞ በአጋሮ በኩል አልፈን በጌራ፣ የሚበላውን ከሞላ ጎደል ከገዛ ጓሮው በሚያገኝ ገበሬ ቤት እየተቀመጥን በጉልበታችን ስናግዝ ሰንብተናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲሞክሩት ስለምመኝ፣ ነገር ግን እኛ በመጀመሪያው ዓመት እንደሄድነው ያለ አንዳች ስምምነት እንዳይሄዱ ስለምሰጋ ነው።

ነገሩ በሌላው ዓለም ከተለመደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የተባለች፣ በለንደን በጸሐፊነት ትሠራ የነበረች ሴት፣ የከተማ ሰው እርሻ ላይ ሠርቶ የሚያድርበት አንድ የሳምንት መጨረሻ በሳሴክስ አዘጋጀች፤ ዛሬ በብዙ አገሮች «ዉፍ» እየተባለ የሚጠራው ልማድ የተነሣው ከዚያ ነው። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፣ ባለ እርሻው ማደሪያና ምግብ ይሰጣል፣ በመካከላቸው ገንዘብ አይተላለፍም።

እንዲህ ያለው ልማድ እኛ አገር ሲመጣ ወዲያው ከወንፈልና ከደቦ ጋር መመሳሰሉ አይቀርም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ የሠራህልኝን ቀን ነገ በማሳህ ተገኝቼ እመልስልሃለሁ። ደቦ ደግሞ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራበት የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ከከተማ የሄደ ቤተሰብ ወንፈሉን የሚያስመልስበት ማሳ የለውም፤ ደቦ ነው እንዳይባልም ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ደቦ ጠርቶ ሦስት ሳምንት የሚያበላ ጎተራ ያለው ገበሬ ስንት ነው? ያውም ተማሪዎች የሚያርፉበት ክረምት፣ የአምናው እህል ተሟጦ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው።

ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። በሰቃ በአምስተኛው ቀን የ12 ዓመት ልጄ ለማገዝ ብላ ጓዳ ስትገባ የቤቱ ልጆች የበቆሎ ቂጣ በጎመን ሲበሉ አገኘቻቸው፤ ለእኛ በየዕለቱ ሲቀርብ የነበረው የጤፍ እንጀራ ግን ለእንግዳ ተብሎ ከገበያ በተሸመተ ጤፍ የተጋገረ ነበር። ዐይኗ እንባ አቅርሮ መጥታ ስትነግረን ባለቤቴም እኔም የምንለው ጠፋን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምነን ከአንድ ገበታ ቀረብን። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የዘመቱት አጎቴ ታሪኩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንቅ ይዛችሁ ነበር?» አልያዝንም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ ጌራ ስንሄድ ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ለአራታችን በሚበቃ መጠን ጭነን ሄድን።

ጓሮው ራሱ ምን እንደሚመስል ለማያውቁት ትንሽ ልግለጽ። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ነው፤ ከበረት የሚወጣው ፍግ በየጠዋቱ ከሥሩ ይደፋል። ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎደሬና ጎመን፣ ከዚያም በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናው ይዘረጋል፤ ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ለገበያ የሚወጣው በዋናነት ቡናው ሲሆን፣ በእርሱ ዋጋ ጨው፣ ልብስና ደብተር ይገዛል። ራሱን የቻለ ጓሮ ስንል ግን ከሰው የተቆረጠ ማለታችን እንዳልሆነም እዚያው አይተናል፤ አስተናጋጃችን ከተከሏቸው ቡናዎች መካከል 74110 የሚባለው ዝርያ የሚገኝበት ሲሆን፣ ይህም ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራችንን ቡና ያጠቃውን የቡና ፍሬ በሽታ እንዲቋቋም ተመርጦ በመልኮው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬ የደረሰ ነው።

ችግኝ ሲተክሉ ያየሁትን አልረሳውም። እኔ ላስቲኩን ቀድጄ ጉድጓድ ውስጥ ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ አይመስለኝም ነበር። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ችግኝ ገልብጠው የላስቲኩን ግርጌ በምላጭ ይቆርጡና አውራ ሥሩን ይመረምራሉ፤ ጫፉ ተጠማዞ ከተገኘ የተጠማዘዘውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ማጠፉ ከፍ ብሎ ከጀመረ ችግኙን ጨርሰው ይተዉታል። ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው «እንዲህ ከተተከለ ለጊዜው ይለመልምልሻል፤ ፍሬ መሸከም ሲጀምር ግን ይከዳሻል» አሏት። ከዚያ በኋላ እርሷም ሳትገለብጥ አንድም ችግኝ አልተከለችም።

ጉዳትም አድርሰናል። የ15 ዓመቱ ልጄ በሰቃ አረም ሲነቅል፣ በቡናው ሥር ራሳቸው የበቀሉትንና ባለቤቱ ለመተኪያ ያቆዩአቸውን ወፍ ዘራሽ ችግኞች ከአረሙ ጋር አንድ መስመር ሙሉ ነቀላቸው። በገንዘብ ልካስ ብዬ ብለምናቸው አልተቀበሉኝም። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ምን እንደሚነቀልና ምን እንደማይነካ ሳልጠይቅ አሰማርቼዋለሁና።

ከዚህ የከፋው አደጋ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው ይዞት የሚሄደው ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋና በመፋቂያ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። የጌራው አስተናጋጃችን ይዘነው የሄድነውን ቢላዋ ነበልባል ላይ ሳያገላብጡት ወደ እንሰታቸው አላስጠጉንም፤ ትክክል ነበሩ።

በመጨረሻ የገጠመንን አንድ በደል ልጥቀስ። በሁለተኛው ዓመት አገናኝ ነኝ ያለን ሰው «ለአስተናጋጁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎን ነበር፤ ገበሬው ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም እንዳልደረሳቸው፣ ስንት ሆነን እንደምንመጣም እንዳልተነገራቸው ያወቅነው ደጃቸው ላይ ቆመን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በየቀበሌው ያሉት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንግዳ ለመቀበል የፈቀዱ ገበሬዎችን ይመዝግቡ፤ ገበሬውና ቤተሰቡ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ተገናኝተው የቀኑን ብዛት፣ የሥራውን ሰዓት፣ ስንቁንና ማደሪያውን በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈራረሙ፤ የመጀመሪያው ቀን ከሥራ በፊት ማሳውን ለመዞር ይሁን። ስለ ልጆች ደግሞ አጥብቄ እላለሁ፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የእኛ ጉዞ ቅጥር አይደለም ተብሎ ትንንሽ ልጆች ሸክምና ስለታም መሣሪያ ሊሰጣቸው አይገባም። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጎን እያዩና እየጠየቁ የሚችሉትን ይሥሩ።

አባቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አይደሉም። «እኔ ከሞፈር ላወጣህ ስለፋ ኖሬ፣ አንተ ልጆችህን ወደዚያው ትመልሳለህ?» ብለውኛል፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። የሚያሳስባቸው ድካሙ ነው፤ እኔም ልጆቼ ያንን ድካም ሳያውቁ ቡና እንዲጠጡ አልፈልግም።

ልጄ የነቀላቸውን ችግኞች ለመተካት ከዚያው ማሳ በተሰጠው ዘር በከተማው ጓሯችን ሲያፈላ ከርሞ፣ በዚህ ክረምት ወደ ጌራ ከመሄዳችን በፊት 30 ችግኝ ተሸክሞ ወደ ሰቃ ተመለሰ። ባለቤቱ አንድ በአንድ ገልብጠው ሥራቸውን አዩና 26ቱን ተቀበሉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጅማ