አጥሩን እንዳትዘል

ልጄ አቤል፣

እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ወገብ እንደምታውቀው ነው፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይብስበታል።

ትናንት ሜሮን ከለንደን ደውላ ነበር። ከማንቸስተር ዩናይትድ የቢልባኦ ፍጻሜ በኋላ ሥራ እንዳልገባህ ነገረችን። እሱስ ይሁን፣ እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። «በሚቀጥለው ሲዝን ደጋፊዎች በ2021 እንዳደረጉት አጥሩን ጥሰን ሜዳ እንገባለን» ብለሃል አሉ። አቤል፣ አጥር እንዳትዘል። የመኖሪያ ወረቀትህ ገና አላለቀም።

ንዴትህ ይገባኛል። ከዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ማንቼን ያስለመድኩህ እኔው ነኝ። 15ኛ ሆኖ መጨረስ! በ42 ነጥብ! ይባስ ብሎ በሊጉ ከእኛ በታች 17ኛ የሆነው ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸንፎን የዩሮፓ ሊግ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። እዚህ የአርሴናል ልጆች እስካሁን መንገድ ላይ እያስቆሙ ይስቁብኛል። እነሱ ራሳቸው ምን ይዘው እንደሚስቁ እንጃ።

አሰልጣኙን አሞሪምን መሳደብህ ግን አልጣመኝም። ግትርነቱ እኔንም ያበግነኛል፤ በሦስት ተከላካይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ግን በኅዳር፣ በሲዝኑ መሃል፣ ለሌላ አሰላለፍ የተገዙ ተጫዋቾችን ተረክቦ ምን ያድርግ? ፈርጉሰን በ2013 ከወጣ ወዲህ ሞዬስ መጣ፣ ቫን ኻል መጣ፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ። ሁሉም የየራሱን ተጫዋች አስገዝቶ ይባረራል። ተተኪው ደግሞ አልፈልጋቸውም ይላል። ቴን ሃግንማ በሰኔ መጨረሻ ውሉን አራዝመውለት በጥቅምት አሰናበቱት። ይህን አሰልጣኝ ነው የወሰነው? ፈርጉሰን ራሱ በ1986 መጥቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990 ነው።

ጣትህን ወደ ባለቤቶቹ ቀስር። ግሌዘር በ2005 ክለቡን ሲገዛ ብዙውን ገንዘብ ተበድሮ ነው፤ ዕዳውንም በክለቡ ጫንቃ ላይ ጫነው። በሬ በዱቤ ወስዶ፣ ዕዳዬን አንተው አርሰህ ክፈል እንደማለት ነው። ከዚያ በፊት እኮ ክለቡ ዕዳ አልነበረበትም። ራትክሊፍ አምና ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ድርሻ ገዝቶ ሲገባ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሱ ደግሞ ሠራተኛ ቀነሰ፣ የሠራተኛውን ነፃ ምሳ አስቀረ። የቀሩትን ትኬቶች በሲዝኑ መሃል 66 ፓውንድ አደረጋቸው፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው። የተጫዋች ግዢ ላይ የተበተነው ገንዘብ በሾርባ ይመለሳል?

ስለዚህ ሰልፍ ውጣ። የካቲት መጨረሻ ላይ ከአርሴናል ጨዋታ በፊት ጥቁር ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይቻለሁ። አረንጓዴና ቢጫውን ሻርፕም አድርግ። በ1878 ክለቡን የመሠረቱት የኒውተን ሂዝ የባቡር ሠራተኞች ቀለም ነው፤ እንዳንተ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። አጥሩን ግን እንዳትዘል። በ2021 የሊቨርፑል ጨዋታ ለሌላ ቀን የተላለፈ ዕለት አንድ ፖሊስ ፊቱ በጠርሙስ ተቆርጧል። እንደዚያ ያለ ነገር ሲፈጠር አጠገቡ የተገኘ ጥቁር ልጅ ምን እንደሚሆን ልንገርህ?

ጋሽ ታዬን ታውቀዋለህ፤ በየበዓሉ ጠላ ሊጠጣ የሚመጣውን፣ ልጅ ሆነህ አነካከሱን እየቀዳህ እናትህ የምትቆነጥጥህን። ከመኪና ወድቆ ነው ያልናችሁ ውሸት ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ሚስማር ተራ አብረን ተቀምጠን ነበር። ዳኛው ጎላችንን ሻረው። ታዬ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። ድንገት የያዘውን ቆሎ በተነና ሽቦው ላይ ወጣ። አንድ ጫማው ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወዲያ ሲወርድ ፖሊሶቹ ጠበቁት። እግሩን የሰበሩት እዚያው ነው። በማግስቱ ጫማውን ይዤ እናቱ ቤት ሄድኩ። «ሌላኛውስ?» አሉኝ። ስለ ልጃቸው መጠየቅ ፈርተው ነው። ከእስር እስኪወጣ የክር ፋብሪካው ሌላ ሰው ቀጥሮ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ ቋሚ ሥራ አላገኘም። ከክለቡ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ እግዜር ይማርህ አላለውም። ያቺ ጎል ደግሞ ኦፍሳይድ ነበረች። በዓይኔ አይቻለሁ። ለታዬ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ አንተም አፍህን ያዝ።

ምን ልልህ ነበር... አዎ፣ የሥራ አለቃህን ደውለህ ይቅርታ ጠይቅ። አሞኝ ነበር አትበል፤ እውነቱን ንገረው። የማንቼ ደጋፊ ከሆነ ይገባዋል፤ የሲቲ ከሆነ ደግሞ ስቆ ይተውሃል።

የኔ ጌታ፣ በደንብ ብላ። ሜሮን በፎቶ አሳየችን፤ አገጭህ ሾሏል። ዳቦና ሻይ ምግብ አይደለም። እናትህ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ነው፤ ሜሮን ለፍልሰታ ስትመጣ ይዛልህ ትመለሳለች። አንተ የእናትህን የስኳር መለኪያ ወረቀት በእሷ ላክ። እዚህ ሲገኝ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም። መሣሪያው ያው አንተ የላክኸው ነው፤ ሌላ ዓይነት ከገዛህ አይሠራም። የኮንዶሚኒየሙንም ውክልና ከኤምባሲ አስጨርስና ላክ፤ ከፋሲካ ጀምሮ ነገ ነገ እያልክ ነው።

ጠበቃህንም አነጋግረው፤ ሰልፍ መውጣት ወረቀትህ ላይ ምን እንደሚያመጣ ጠይቀውና የሚልህን ጻፍልኝ። እስከዚያ ከሰልፉም ዳር ዳር ሁን። አጥሩን ግን፣ ጠበቃው ይቻላል ቢልህ እንኳ፣ እንዳትዘል።

አዲስ ተከላካይ ይገዛሉ የሚባለው እውነት ከሆነ ማታውኑ ደውልልኝ።

አባትህ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ