ዝቅ ባለ መኪና ላይ ስለሚደረብ ስፔሰርና ስለማይደርስ ብሎን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዳማ ከተማ የቶርኖ ሥራ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ቀድሞ ወደ ቤቴ የሚመጣው የወፍጮ ዘንግ፣ የውኃ ፓምፕ አክስልና ጥርሱ የተላጠ ብሎን ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ቪትዝና ኮሮላ የያዙ ወጣቶች ሞላ አስቆርጠው ወይም አጭር ሞላ አስገብተው መኪናቸውን ዝቅ ካደረጉ በኋላ፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ወደ ውስጥ የገባ ስለሚመስላቸው፣ በሞዞውና (ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት የሚሽከረከር ብረት) በቸርኬው መካከል የሚገባ የአሉሚኒየም ቀለበት እንድሠራላቸው ይጠይቁኛል። ገበያው ይህን ቀለበት ስፔሰር ይለዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወጣቶቹ መኪናቸውን ለምን አስዋቡ ብዬ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ የብስክሌቴን ሽቦዎች በባለቀለም ፕላስቲክ ስሸፍን የዋልኩ ሰው ነኝ። የምጽፈው ስፔሰሩን የሚሸጠውም፣ የሚገጥመውም፣ መኪናውን የሚመረምረውም ስለ ብሎኑ ርዝመት አንድ ጥያቄ እንኳ ሲጠይቅ ስላላየሁ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ቪትዙን በሬ ላይ አቁሞ፣ «ጋሼ፣ ከሰማንያ በላይ ስነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ጎሚስታው ሁለት ጊዜ ባላንስ ሠርቶልኛል፣ ግን አልተወኝም» አለኝ። የፊቱን ግራ ጎማ አንዱን ዳዶ በጎማ መፍቻ አላልቼ የቀረውን በጣቴ እያዞርኩ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አምስተኛው ዙር ሳይሞላ ዳዶው መዳፌ ላይ ወደቀ። የዚህ መኪና ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። አራት ዙር ማለት እንግዲህ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ብቻ ተያይዟል ማለት ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር ወይም ስምንት ሙሉ ዙር ሊነክስ ይገባ ነበር። ቸርኬውን ሳወርደው እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስፔሰሮች ተደራርበው አገኘሁ፤ ብሎኖቹ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ናቸው።

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ብሎኑ ይመስለዋል። በትክክል የጠበቀ ብሎን ግን ሥራው እንደ ተወጠረ ገመድ ተለጥጦ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር አጣብቆ መያዝ ሲሆን፣ ክብደቱንና የፍሬኑን ጉልበት የሚችለው በተጣበቁት ፊቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። አንድ ስፔሰር ሲገባ አንድ የነበረው መገናኛ ሁለት ይሆናል፤ ሲደራረብ ሦስት። በመካከሉ ቀለም፣ ዝገት ወይም የከተማችን አቧራ ካለ ደግሞ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እየደቀቀ ይሳሳና የብሎኑ ውጥረት አብሮት ይረግባል። የልጁ ስፔሰሮች ቀይ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቀለሙ ተፈርፍሮ አሉሚኒየሙ ታይቷል።

ይህ ልጅ በየሳምንቱ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የጎማው ዙሪያ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ዞሯል። የላላ ብሎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይቃናል። ሽቦ በእጁ እያጠፈ እያቃና የቆረጠ ሰው የዚህን መጨረሻ አይጠይቀኝም።

የመንቀጥቀጡ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። የቪትዝ ሞዞ መካከሉ ላይ 54.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከንፈር አለው፤ ቸርኬው መሐሉን ይዞ የሚቀመጠው በዚህ ከንፈር ላይ ነው። ሁለቱ ቀለበቶች ከንፈሩን ስለዋጡት ቸርኬው በብሎኖቹ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ሸሽቷል። ይህን ባላንስ አያስተካክለውም፤ ጎሚስታውም አልተሳሳተም፣ ያልነበረ በሽታ ነው ያከመው። ስለዚህ ስፔሰር የሚገዛ ሰው ከውስጥ በሞዞው ልክ የተቦረቦረና ከውጭ ለቸርኬው የራሱ ከንፈር ያለው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የሚበቃ ስፔሰር ይጠይቅ። ከገበያ የሚገዙ ቸርኬዎች መሐላቸው ብዙ ጊዜ 73.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱን የሚሞላ ቀጭን ቀለበትም ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብሎኑ ልመለስ። 10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የሚያስገባ ሰው ከፋብሪካው ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ማስገባት አለበት። አሮጌው ብሎን ከሞዞው ተመትቶ ሲወጣ፣ አዲሱ ከጭንቅላቱ ሥር ባለው ሽንሽን (በዙሪያው በተሰለፉት ቀጥ ያሉ ጥርሶች) ተጣብቆ እንዲገባ ያስፈልጋል፤ የሽንሽኑ ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ ከአሮጌው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ወይ ሞዞውን ይሰነጥቃል፣ ወይ ደግሞ በቀዳዳው ውስጥ እየዞረ ዳዶው አልፈታ ይላል። የሚመከረው በፕሬስ ማስገባት ነው። በየመንገዱ የማየው ግን ዳዶውን ገልብጦ በአየር መፍቻ እየጎተቱ ማስገባት ሲሆን፣ ይህ አዲሱን ጥርስ ገና ሥራ ሳይጀምር ይለጥጠዋል። በረጅም ብሎን ላይ ጫፉ የተደፈነ ጌጠኛ ዳዶ መግጠምም ሌላ ወጥመድ ነው፤ ብሎኑ የዳዶውን ጣሪያ ይነካና እጅ ላይ የጠበቀ ይመስላል፣ ቸርኬው ግን አልተያዘም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ረጅም የጎማ ብሎን ከተራ ብረት በቶርኖ ቀርጬ ሰጥቻለሁ። መልኩ ከፋብሪካው የማይለይ ስለነበር ኮርቼበት ነበር። የፋብሪካው ብሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ 10.9 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ሲሆን፣ ከተራው ብረት ከእጥፍ በላይ ይጠነክራል፤ ጥርሱም በመቅረጽ ሳይሆን በመዳመጥ ስለሚወጣ በጥርሱ ሥር ስንጥቅ በቀላሉ አይጀምርም። ደንበኛው ከሳምንታት በኋላ ሁለቱን ተበጥሰው ይዞልኝ መጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተበጠሱት ከተማ ውስጥ በእርጋታ ሲሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎማ ብሎን አልቀርጽም፤ የሥራ ባልደረቦቼም እንዳይቀርጹ እለምናለሁ፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው።

ስለ ማጥበቅም አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ መኪና ፋብሪካው የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል ክብደት ማሳረፍ ማለት ነው። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ረዳት መፍቻው ላይ ሲቆምበት ከዚህ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ የሌለው ጋራዥ ቢያንስ በእግር ማጥበቅን ይተው፤ ባለመኪናውም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ተመልሶ ያስፈትሽ።

መኪናው ዝቅ ያለ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ሞላው አጥሮ ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ፣ አራት ሰው ተጭኖ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲዘለል የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ይላጨዋል፤ ኩሽኔታውም የሚሸከመው ክብደት ከመሐሉ ስለሚርቅበት ቶሎ ይጮኻል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሻጮች ስፔሰርን ከሚመጥነው ብሎን ጋር አብረው ይሽጡ። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም ስፔሰር ባዩበት መኪና ላይ አንድ ዳዶ ፈትተው ዙሩን ይቁጠሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የልጁ ቪትዝ ቦሎውን የለጠፈው ስፔሰሮቹ ከገቡ በኋላ ነው።

ልጁ አሁን ትክክለኛዎቹን ብሎኖች አዝዞ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው ስፔሰሮቹን አውጥተን የፋብሪካውን ቸርኬ መልሰንለታል፤ መሪው መንቀጥቀጡን ትቷል። እሱ ግን በበሬ ባለፈ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ የጡረተኛ መኪና አስመሰልከኝ» እያለ ያማርረኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቶርኖ ባለሙያ፣ ከአዳማ