ከመርፌው በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የተቆጣ የአእምሮ ሕመምተኛ በግድ መርፌ ይወጋ አይወጋ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ ከተወጋ በኋላ ስላለው አንድ ሰዓት የሚናገር አይገኝም። አደጋው የሚበዛው ግን ያኔ ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ደግሞ ይብሳል።

በቅድሚያ፣ ድንገት የሚሳደብና የሚማታ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት፣ ስኳሩ ወርዶ ወይም መጠጥ በድንገት አቁሞ ይሆናል። ከጣት ደም ወስዶ ስኳርና ወባ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ጫት መቃም አለመቃሙን አስታማሚውን መጠየቅም እንዲሁ። ከበው የቆሙት ሰዎች ዞር ሲሉለትና ውሃ ሲሰጠው የሚበርድ አለ። የሚዋጥ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ሳይጠይቁ መርፌ ማንሣት ስንፍና ነው እላለሁ።

መርፌው የግድ ከሆነ፣ የተለመደው 5 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው) ጡንቻ ላይ ነው። ብቻውን ሲሰጥ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ይጠማዘዛል፤ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጅኒው ተነሣበት» ብሎ ይዞት ይወጣል። ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ፕሮሜታዚን፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት፣ አብሮ ቢሰጥ ይህ በእጅጉ ይቀንሳል። ሌላው ማረጋጊያ ዲያዜፓም ጡንቻ ላይ ሲወጋ ወደ ደም የሚገባው አዝግሞ ነው፤ «አልሠራም» ተብሎ ሲደገም ኋላ ተደራርቦ ትንፋሽ ያዳክማል። አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት የሚቆየውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ፍሉፌናዚን ለማረጋጋት መውጋት ጭራሽ አይገባም፤ ለዛሬው ቁጣ አይደርስም፣ ችግር ቢያመጣም መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ከተወጋ በኋላ በሆዱ ተደፍቶ፣ ሰው ጀርባው ላይ ተጭኖት መቆየት የለበትም፤ ይታፈናል። በጎኑ ይተኛ። ለአንድ ሰዓት በየ15 ደቂቃው ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ሙቀቱና ንቃቱ ይመዝገብ። ሙቀቱን አደራ! ሃሎፔሪዶል ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን ሥርዓት ያዛባል፤ ፕሮሜታዚን ላብ ያደርቃል። በግንቦት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ውሃ ሳይጠጣ ሲታገል ለዋለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትኩሳቱ ከጨመረና ሰውነቱ እንደ እንጨት ከተገተረ ሐኪም ይጠራ፤ ተመሳሳይ መርፌም አይጨመር። መገተሩን «አሁንም እየታገለ ነው» ብሎ መድገም ሰው ይገድላል።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሕክምና በፈቃድ ላይ ይመሥረት ይላል። የድሬዳዋና የሐረር ሆስፒታሎች ኃላፊዎች ለእያንዳንዱ የግድ መርፌ አንድ ገጽ ቅጽ ያስሞሉ፦ ማን አዘዘ፣ ከመርፌው በፊት ምን ተሞከረ፣ መጠኑ ስንት ነበር፣ የየ15 ደቂቃው ልኬት ምን አሳየ። «ሲነቃ ለምን እንደተወጋ ማን ነገረው?» የሚለው መስመርም አይቅር።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ